ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠየቅም

ሆድ የሌለው ሰው ስለሌለ ይህ ጽሑፍ ለሁሉም ይሆናል። በተለይ ግን ሆዱን ሲያመው “ያልፋል” ብሎ ለሚተኛ፣ ቤተሰቡም “የታወቀ ነገር ነው” ብሎ ለሚያስተኛው ሰው ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል። እኔ የታወቀ ነገር ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቢቸና ከተማ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። ባለቤቴ አለሙ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ እናቱ እማማ ዘውዴ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ከተጋባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ስለሆነ ልጅ አልወለድንም። ፋሲካ ሰሞኑን አልፎ የሠርግ ወራት ስለገባ ቤቴ በሰው ጨርቅ ተሞልቷል። ሙሽራ ደግሞ አመመኝ ቢሏት አትሰማም፤ ቀሚሷን ነው የምትፈልገው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እምብርቴ ዙሪያ ቁርጠት የመሰለ ነገር ጀመረኝ። ቀለል ያለ ነው፤ መጣ ሄድ ይላል። ዓርብም ቢሆን የሚፈሰክበት ሰሞን ነውና እማማ የተረፈውን ወጥ አሙቀው አቀረቡልኝ። ሽታው ገና ከሩቅ ገፋኝ። እኔ ምግብ የምገፋ ሴት አይደለሁም፤ አለሙ እንኳ ሲያሾፍብኝ “ይታይሽ ታማም ቢሆን ትበላለች” ይለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን አንድ ጉርሻ መዋጥ አቃተኝ። ማታ አስመለሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ተኮማትሬ አደርኩ።

ቅዳሜ ጧት ቁርጠቱ ከእምብርቴ ጠፍቶ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የእግር መኪና ናት፤ መርገጫዋን በሁለት እግሬ ነው የምመታው። ቀኝ እግሬን አንሥቼ ስጫን ከእምብርቴ በታች፣ በስተቀኝ፣ ዳሌዬ አጥንት አጠገብ አንድ ነገር ወጋኝ። አረፍ ብዬ እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ወጋኝ። በግራ እግሬ ብቻ መስፋት ጀመርኩ። የአንዲት ሙሽራ እጅጌ ጠማማ ሆኖ ወጣ፤ እኔም መኪናዋ ላይ ግንባሬን ደፋሁ።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሕመሙ ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታች ሲወርድ ለቀቀ ማለት አይደለም፤ ሥፍራውን አገኘ ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቢነግሩኝም የሙሽራዋ ቀሚስ ነበር የሚያሳስበኝ።

አለሙ ወደ ክሊኒክ ወሰደኝ። መንገዱ ቅርብ ቢሆንም ድንጋይ በረገጥኩ ቁጥር ሆዴ ውስጥ ይሰማኛል። ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ሕዝቡ ተኮልኩሏል፤ የሚያስለው ያስላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ የሁሉም ዓይን በሩ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ፊቴን አዩና ግድግዳውን የተደገፉበትን ቦታ ለቀቁልኝ። “ተደገፊ ልጄ፤ እኔ የለመድኩት ነው” አሉኝ። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ተራዬ ሲደርስ የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ቀና ብሎ እንኳ ለማየት ጊዜ አልነበረውም። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ነው።

“ተቅማጥ አለሽ?”

“የለኝም።”

“ሰሞኑን ሥጋ በልተሻል?”

“ማን ያልበላ አለ?”

ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ስል ሆዴ ያዘኝ። የአሜባ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና “ሰኞ ካልተሻለሽ ተመለሽ” አለኝ። ሕመሙ ቦታ መቀየሩን አልነገርኩትም። ሕመም እንደ መንገደኛ ከቦታ ቦታ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። እሱም አስተኝቶ ሆዴን ሳይነካ ቀጣዩን ጠራ።

ቤት ስንደርስ እማማ ዘውዴ ፍርዱን ጨርሰው ጠበቁን።

“ይህስ የታወቀ ነው፤ ኮሶ ነው” አሉ። “ከፋሲካ ወዲህ ጥሬ ሥጋ ከዚህ ቤት መች ጠፋ? ዛሬ ማታ እዘፈዝፍላታለሁ፤ ነገ ሳይነጋ ትጠጣለች።”

“እምዬ፣ ኪኒን ሰጥተዋታል እኮ” አለ አለሙ።

“ኪኒኑ ለኪኒን በሽታ ነው። ኮሶን ኮሶ ነው የሚያወጣው።”

አለሙ ወደኔ አየ። መሐል ቤት ቆሞ አንድ ጊዜ እናቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን ሲያይ ቢያሳዝነኝ “ግድ የለም፣ እጠጣለሁ” አልኩት። ደግሞም ሳላምንበት አይደለም። በኛ አገር ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶውን ይጠጣል፣ ትሉን ያወጣል፣ ይገላገላል። እማማም ክፋት አልነበረባቸውም፤ አበባውን ለቅመው፣ ወቅጠው፣ በእጃቸው ነፍተው ያዘጋጁልኝ በፍቅር ነው።

እዚህ ላይ አገሩን ለማያውቅ ሁለት ነገር ልንገር። የመጀመሪያው፣ ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠየቅም። ቀኑን ሙሉ ወደ ጓሮ ሲመላለስ ስለሚውል ያፍራል፤ ጎረቤትም አክብሮ ከበሩ ይርቃል። “ኮሶ ላይ ናት” ከተባለ ለቅሶ ቢኖርም ማንም አይገባብሽም። ሁለተኛው፣ ይህንኑ ክብር ሕዝቡ ለስብሰባ ማምለጫ አድርጎት ነበር። የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ስለሆነ በየቤቱ ኮሶ የሚጠጣው እሑድ ነው፤ ቢያንስ በአፍ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር አንጓች አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥታ “የዚህ ቀበሌ ሕዝብ ሆዱ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የሚነሣበት” ብላ አንባርቃብናለች።

ስለ አንጓች ማንም መልካም ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ካኪ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጥፍንግ አድርጋ ከቤት ቤት ትዞራለች። በር አታንኳኳም። ድምጿ ከመንገዱ ማዶ ሲሰማ የሚስቁ ሴቶች ዝም ይላሉ። ከእኛ የምትበልጥ ሴት ሆና ሳለ “እትዬ” የሚላት አልነበረም፤ ሁላችንም “ጓድ” ነበር የምንላት፤ እሱንም ፊቷ ላይ ነው።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ እማማ ዋንጫውን ሰጡኝ። አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት። ኮሶ ምሬቱ ምላስ ላይ አይቀርም፤ ጆሮ ድረስ ይሰማል። እማማ “በቃ ተገላገልሽ” ብለው ሊጸልዩልኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አለሙ ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ ግን ያን ዕለት ከአውራጃ ካድሬ ይመጣል ተብሏል፣ የቀረ መምህር ደግሞ በክፉ ዓይን ይታያል። “ሂድ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ ልታየኝ ነው?” አልኩት። በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

ኮሶው ሥራውን ጀመረ። እንዴት ወደ ጓሮ እንደተመላለስኩ አልናገርም፤ ግድግዳ ይዤ፣ ጎብጬ ነው። በመጨረሻ ትሉ ወጣ። እሰይ አልኩ። እማማ ልክ ነበሩ፣ ድሬሰሩም አላወቀም፣ አለሙም በከንቱ ሲጨነቅ ነበር ብዬ አሰብኩ። ግን በስተቀኝ ያለው ነገር አልተወኝም፤ እንዲያውም ትሉ ከወጣ በኋላ እየባሰ ሄደ። አልጋው ላይ ወደቅሁ። ቀኝ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሳጥፍ ትንሽ ይሻለኛል፣ ስዘረጋ ያስጮኸኛል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንድ ነገር ውስጤ ተበጠሰ። ሕመሙ ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ እፎይታ አይቼ አላውቅም። አማተብኩ። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ያ እፎይታ ነው ሊገድለኝ የነበረው። ሐኪሙ ኋላ እንደነገረን፣ ሕመሙ ጸጥ ያለው የቆሰለው ነገር ፈንድቶ መግሉ ሆዴ ውስጥ ስለፈሰሰ ነው። በሆድ ሕመም ሰሞን ድንገት ድኛለሁ ያለ ሰው ካለ ቤተሰቡ አይዘናጋ።

ስነቃ ጥርሶቼ ይንገጫገጫሉ። አፌ ደርቋል። ሆዴን ልነካው ብዬ እጄን አሳረፍኩና አነሣሁት፤ የራሴ ሆድ አልመስል አለኝ። ውኃው እንስራ ውስጥ ነው፣ እንስራው ጥግ ላይ ነው፣ ጥጉ ደግሞ ሌላ አገር ሆኗል። ልጣራ ብሞክር ትንፋሽ መሳብ ሆዴን ነካብኝና ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ከውጭ የጎረቤቴ የትሁኔ ድምፅ ተሰማኝ። ወንፊት ልትዋስ መጥታለች መሰለኝ።

“ይታይሽ የለችም እንዴ?”

“ኮሶ ላይ ናት። ባሏ ሲወጣ ነገረኝ” አለች ሌላ ጎረቤት።

“ውይ፣ እንግዲያ ልመለስ። ነውር ነው።”

እግራቸው ሲርቅ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። እስከዚያ ድረስ የሚያስፈራኝ ሕመሙ ነበር፤ አሁን ግን ሰው እያለ ያለ ሰው መሞት መጣብኝ። ማንም አይገባም። አለሙ ካድሬው ሲጨርስ ይመጣል፤ ካድሬ ደግሞ አይጨርስም። እማማ ከቅዳሴ ወጥተው ወደ ማኅበር ይሄዳሉ፤ “ኮሶ ላይ ናት፣ ትረፍ” ይላሉ። ልጅ ሳልወልድ፣ የሰው ቀሚስ ቤቴ ተቆልሎ ልሞት ነው ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶውም ሆዴን ስለሚነካ መተው ነበረብኝ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ ተበረገደ።

“እሷም ኮሶ ጠጥታለች አሉኝ! ልብስ ሰፊዋም! እስቲ ልየው ይህን ኮሶ!”

አንጓች ነበረች። ልትይዘኝ፣ ዋሽታለች ብላ ጎትታ ልትወስደኝ ነው የመጣችው። ወለሉ ላይ የወደቀውን ዋንጫ አነሣችና አሸተተች። ፊቷ ተኮማተረ።

“እውነትሽን ነው ለካ” አለች። ትንሽ ያፈረች መሰለኝ። ልትወጣ ዞረች። ከዚያ ቆመች።

“ኮሶ የጠጣ ሰው ይሮጣል እንጂ እንዲህ ይጋደማል? ተነሺ እስቲ።”

ራሴን ነቀነቅሁ።

“እግርሽን ዘርጊ።”

ሞከርኩ። የወጣኝ ድምፅ ለራሴም አስፈራኝ። አንጓች ጠጋ ብላ መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች፣ ወዲያው አነሣችው። ያቺ የምትጮኽ ሴት ድምጿ ዝቅ አለ።

“ይሄ ጣውላ ነው እንጂ ሆድ አይደለም። ሰው ሁሉ የት ሄዶ ነው ብቻሽን?”

“እርስዎ ስብሰባ ጠርተውት” አልኩ። በዚያ ሰዓት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ወጥታ ሄደች። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ አለሙ ነው። ካድሬው ንግግሩን እያሞቀ ሳለ አንጓች ሕዝቡን ሰንጥቃ መድረኩ ላይ ወጣች።

“ስብሰባው ተበትኗል። ትከሻ ያለው ወንድ ይነሣ፤ ቃሬዛ ይምጣ።”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ አጀንዳው ገና…” አለ ካድሬው።

“አጀንዳው ቤቷ ውስጥ ልትሞት ነው” አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

የረገምነው ስብሰባ የቀበሌውን ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦት ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን አንዱ ገበያ፣ አንዱ እርሻ፣ አንዱ ሠርግ ነው። ቃሬዛው ሳይዘገይ ደረሰ፤ እየተቀባበሉ ወደ መንገዱ አወጡኝ። ድሬሰሩን ከቤቱ ጠርተውት መጣ። በዚህ ጊዜ ሆዴን ነካ፤ ቀስ ብሎ ተጭኖ ድንገት ሲለቀው ጮኽኩ። ፊቱ ጠቆረ።

“ትርፍ አንጀት ነው” አለ። “ሳይፈነዳም አልቀረም። እዚህ የምንሠራው የለም፤ ሞጣ ካለው የኩባ ሐኪም ጋ አድርሷት።”

ትርፍ አንጀት የምትባለው ከትልቁ አንጀት ጫፍ፣ በስተቀኝ በኩል የተንጠለጠለች፣ የትንሽ ጣት ያህል ነገር ናት። ስትታመም ሆድ ተቀዶ መውጣት አለባት። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቃሬዛው ላይ አገኙኝ። ነጠላቸውን አጥብቀው መንገዱ ላይ ቆሙ።

“በቢላ? ሆዷ ሊቀደድ? ይቺ ልጅ ገና አልወለደችም፤ ሆዷ የተቀደደ ሴት እንዴት ትወልዳለች? ጠበል እወስዳታለሁ እንጂ አለሙ፣ ስማኝ!”

አንጓች መለሰችላቸው።

“እማማ፣ ጠበሉን በጠርሙስ ይያዙና ይሳፈሩ። ወይም መንገዱን ይልቀቁ።”

እማማ ጠርሙሳቸውን ይዘው ተሳፈሩ።

መኪናው ሰይድ የሚባል የሞጣ ነጋዴ ነበር። እህሉን አራግፎ ባዶ ጆንያ ይዞ ሊመለስ ነበርና ጆንያውን ከምሮ እንደ ፍራሽ አደረገልኝ። ጎድጓዳ ሲያይ መስኮቱን ከፍቶ “እህቴ፣ ሆድሽን ያዢው፤ አሁን አንድ ክፉ ቦታ አለ” ይላል። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ክፉ ያልሆነ ቦታ እንደሌለው ያውቃል። እያንዳንዱ መንገጫገጭ ሆዴ ውስጥ ይፈነዳል። አለሙ ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ ስሜን ብቻ ይደጋግማል።

ደብረ ወርቅ ላይ ሲቆም አንድ ሰው ለሰይድ ሲነግረው ሰማሁ። “የኩባው ሐኪም ባሕር ዳር ሄዷል መሰለኝ።” ከዚያ እስከ ሞጣ ድረስ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። አለ? የለም? እማማ ያችን ጠርሙስ ግንባሬ ላይ እያስነኩ “አለ፣ እሱ ባይኖር እግዜር አለ” ይሉኛል። እኔ ግን ሁለቱም እንዲኖሩልኝ ነበር የምፈልገው።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ጠመንጃውን አንግቶ አስቆመን። “ይለፍ ወረቀት?”

ጋቢና የተቀመጠችው አንጓች በሩን ከፍታ ወረደች። ጆንያው ላይ ወደተኛሁት ወደ እኔ ጠቆመችና “ይለፋችን ያቺውልህ፤ ውጣና አንብብ” አለችው። ልጁ ተንጠላጥሎ አየኝ። ገመዱን ራሱ አነሣው።

ሐኪሙ አልሄደም ነበር። የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ሸሚዙን አጥቦ ሲያሰጣ አገኙት። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጣ። ሆዴን አየ፣ ነርሷን በእንግሊዝኛ ጠየቃት፣ እሷም ወደኛ ዞረች።

“ሕመሙ ከጀመረ ወዲህ ምን ወስዳለች?”

እማማ መሬት መሬት ያያሉ።

“ኮሶ” አለ አለሙ።

ነርሷ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መሆኑን አስረዳችው። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነና እጁን ሊታጠብ ገባ። ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ስለነበር ሰይድ ከመኪናው ቀድቶ ሰጠ ይላሉ። እኔ የማስታውሰው መብራቱን ብቻ ነው።

ስነቃ ከጎኔ ቱቦ ወጥቶ መግል ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። ውኃ ተከለከልኩ፤ ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ያርሱልኛል። ጧት ማታ ነርሷ እየመጣች አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። “አየር ወጣ?” አንጀት ሥራ መጀመሩ በዚያ ነው የሚታወቅ አሉ። እማማ ዘውዴ ሰው ፊት ማስነጠስ የሚያሳፍራቸው ጨዋ ሴት ናቸው፤ ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። ውለው ሲያድሩ ግን እሳቸውም ጀመሩኝ። “ልጄ፣ እሱ ነገርስ?” ይሉኛል በሹክሹክታ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ እስኪደነግጥ እልልታቸውን አቀለጡት።

ያን ዕለት ማታ አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ድምፃቸው ተሰበረ።

“ይታይሽ፣ ያፈነዳብሽ ኮሶዬ ነው?”

ነርሷ ለአለሙ የነገረችውን ሰምቻለሁ። ሆዱን ያመመውን ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት፣ ማሸት፣ በጋለ ነገር መተኮስ እንደዚያ ያለውን አንጀት ያፈነዳል ብላዋለች።

“ትርፍ አንጀቷ ናት እማማ። ያለ ኮሶውም መፈንዳቷ አይቀርም ነበር” አልኳቸው።

እጄን ይዘው ቆዩ። አሁን እሳቸው በሕይወት የሉም፤ ከዚያ በኋላ የወለድኳቸውን ልጆች ሁሉ አዝለው አሳድገው ነው የሞቱት። ስለዚህ እውነቱን ብጽፈው አይከፋቸውም። ኮሶ ለኮሶ ትል ነው። ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታች ለወረደ፣ ምግብ ላስጠላ፣ ሲራመዱና ሲያስሉ ለሚወጋ ሕመም ግን ምንም አትጠጡ፣ ምንም አትቅመሱ፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሐኪሙም ሰኞ ተመለሱ ካላችሁ ሕመሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ሳይጠይቃችሁም ንገሩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቢቸና የተመለስኩት ክረምት ሲገባ ነው። አንጓችን ከሊቀመንበርነት አውርደዋት ደረስኩ። የአውራጃ ካድሬ እየተናገረ ስብሰባ በመበተን ተገምግማ፣ ሂስ አልውጥም ብላ፣ ካኪዋን አስረክባለች። ከተማው ደስ ብሎታል። ትናንት ያስፈራቻቸው ሁሉ ዛሬ በበሯ ሲያልፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይስቃሉ እንጂ የሚገባ የለም።

ቁስሌ እየሳበኝ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ እህቷ ቆማለች።

“አትገቢም” አለችኝ። “ኮሶ ጠጥታለች።”

“እስቲ ልየው ይህን ኮሶ” አልኩና በሩን ገፋሁት።

አንጓች እሳት በሌለው ምድጃ አጠገብ ተቀምጣለች። ዋንጫ የለም፤ ሽታም የለም። ሻሿን ፈትታዋለች፤ ፀጉሯ መሸበቱን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሆዴን አየች።

“ውሸቴን ነው” አለች።

“ዐውቃለሁ፣ እትዬ” አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።